ምንም ስላልለወጠው ወኪላችሁ

ለቤት ሠራተኞች የውልና የአቤቱታ አገልግሎት ድርጅት
ለተከበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጅቡቲ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ ማቀዝቀዣው በማይቋረጥበት ቢሮዎ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከሥራ ከተባረርኩ ዘጠነኛ ቀኔ ሲሆን፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር መዓዛ የምትባል ያገሬ ልጅ ዘንድ ተጠግቻለሁ። እስካሁን አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው ወር በስልክ መተግበሪያችሁ፣ «በምስጢር ይያዛል» በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ የምተኛበት ክፍል መቀርቀሪያ እንደሌለውና የአሠሪዬ የማዳም ወንድም ሳያንኳኳ እንደሚገባ በአማርኛ ጻፍኩ። ማዳም ደግሞ በዚያው መተግበሪያ ውሌን ልታድስ ስትሞክር እየተቋረጠ ስላስቸገራት ስሞታ አቀረበች። ስሞታዋን የተቀበለው ሰው ሳይሆን፣ ስህተት እንዲፈልግላችሁ ያሰማራችሁት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ነው። ወኪሉም በሰጣችሁት የስህተት መፈለጊያ መሣሪያ ፕሮግራሙን በሥራ ላይ እንዳለ አቁሞ የያዘውን ሁሉ ገልጦ ሲመለከት፣ እንቅፋት የሆነው ፕሮግራሙ ማንበብ ያቃተው የእኔ የአማርኛ ጽሑፍ መሆኑን ደረሰበት። ያገኘውንም ለማስረጃ ያህል ከመልሱ ጋር አያይዞ ለማዳም ላከላት።

ስለዚህ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. የእኔ አቤቱታ ሦስት ሳምንት መልስ ሲጠብቅ፣ የማዳም ስሞታ በአሥራ አንድ ደቂቃ ስለተፈታ አመሰግናለሁ።

2. ማዳም አማርኛ ስለማትችል እንዳትቸገር ወኪሉ ጽሑፉን ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞላታል። ትርጉሙ ጥሩ እንደነበር ምሳ ላይ ወንድሟ ባለበት ጮክ ብላ ስታነበው ተረድቻለሁ።

3. ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ለጠየቅኳችሁ የላካችሁትን ሦስት ገጽ መልስ የመዓዛ ጎረቤት ሙሰዲቅ አንብቦልኛል። የደህንነት መመሪያችሁ ወኪሉ በመሣሪያው ሲጠቀም አንዳች ነገር እንዳይሰርዝና እንዳይለውጥ ይከለክላል፤ ወኪሉም አንድ ፊደል እንኳ ስላልነካ መመሪያው ተከብሯል ይላል። ማየትንና ያዩትን ለሌላ ማሳየትን የሚመለከት አንቀጽ ግን አልተጻፈም። ከእናንተ ዘንድ የጠፋ መረጃ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል። የእኔ ፓስፖርት ማዳም ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

4. ማዳም ስታነብ እንደሰማሁት፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር የሌሎች አራት ሴቶች አቤቱታ ከነስማቸውና ከነአሠሪዎቻቸው ስም ተያይዞ ነበር። አንዷን ስለማውቃት ማዕከላዊ ገበያ አግኝቼ ነግሬያታለሁ። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ የወኪላችሁ ሥራ ነው። ሦስቱን አላውቃቸውም። እናንተ ግን ስልካቸው አላችሁ፤ በላካችሁልኝ ሦስት ገጽ ውስጥም ስለ እነሱ አንድ መስመር አልተጻፈም። ማዳም ከአሠሪዎቻቸው ጋር ትተዋወቃለች። ሴቶቹ ዛሬም እዚያው አሠሪዎቻቸው ቤት ውለው እዚያው ያድራሉ። እኔ ለራሴ የምለምነው የለኝም፤ ለእነሱ ግን አሠሪዎቻቸው ሳይደርሱባቸው ንገሯቸው። እፈራላቸዋለሁ።

ለሚሰጡኝ ትኩረት ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ ድርጅትዎ በጀመረው የመመሪያ አክባሪነት እንዲጸናልኝ በመመኘት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
መረጃዋ በደህና እጅ ያለላት፣
ፀዳል ወሰኑ

ማስታወሻ፦ በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አዲስ መመሪያ እያረቀቃችሁ ስለሆነ አስተያየቴን በዚያው መተግበሪያ በምስጢር እንድልክ በትሕትና ጋብዛችሁኛል። ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ ማውጣትን መርጫለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደሚያነበው አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።