የእትዬ ይበቃል የሕይወት ታሪክ፦ ጠብታዋና ታናሽ እህታቸው

በሰፈሩ ሰው ዘንድ «እትዬ ይበቃል» በሚል ስም የሚታወቁት ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የስፌት ክፍል በስተጀርባ በነበረችው ባለ አንድ መስኮት ክፍል ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያችው ክፍል ውስጥ ታናሽ እህታቸው ተወለደች። ይህን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ሚዛኑ ቢያጋድልባት ሰሚ ይታገሳት።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሲወጡ አደጉ። አባታቸው በየዓመቱ ለታላቂቱ አዲስ ቀሚስ ይሰፉና የአምናውን አጥብበው ለታናሺቱ ይሰጡ ነበር። ታናሺቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመቷ ድረስ በልኳ የተሰፋ ልብስ ለብሳ አታውቅም፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆና! መምህራንም «የእሷ እህት» ይሏት ነበር እንጂ በስሟ አይጠሯትም። ቅናት የጀመራት ያኔ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ኮሌጅ ገብተው በ1975 ዓ.ም. በፋርማሲ ሙያ ተመረቁ። ሦስት ዓመት በሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ፣ ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሕመማቸው ድረስ በአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለችው መድኃኒት ቤት ሠርተዋል። አሠራራቸውን የማያውቅ የለም። ቫይታሚን ልግዛ ብሎ የመጣን ሰው አስቀድመው «ቤትህ ያለውን ሁሉ ይዘህ ና» ይሉታል። የመጣውን ጠርሙስ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደርድረው፣ ያው ቫይታሚን በስንቱ ውስጥ እንዳለ ይደምሩና ግድግዳው ላይ ከሰቀሉት ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩታል። በእጃቸው የጻፉት ያ ሠንጠረዥ ከሕፃን እስከ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢም ሳይቀሩ፣ በቀን ሊታለፍ የማይገባውን ጣሪያ የያዘ ነበር፦ ቫይታሚን ሲ ለሁለት ዓመት ልጅ አራት መቶ ሚሊግራም፣ ለአዋቂ ሁለት ሺህ፤ ቫይታሚን ዲ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አንድ ሺህ ዩኒት፣ ለአዋቂ አራት ሺህ። በመጨረሻም ክዳኑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈው ዕድሜውንና ልኩን ይጽፉበትና «ይበቃል» ብለው ይሸኛሉ። አንድ ጡረተኛ መምህር ከቫይታሚን ቢ 12 አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ አይተው «ይኸው፣ ይሄ ወሰን የለውም» ቢሏቸው፣ «አልተወሰነም ማለት እኮ ጋሼ፣ ገና በቂ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው» ብለው መልሰውላቸዋል። ሰዉ በመልሳቸው ተደነቀ፤ ለወራትም ሲያወራው ከረመ። ታናሽ እህታቸው ግን ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር አንጀቷ ያርር ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ከአንድ ደግ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው በ1982 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጁ ገና በአራት ወሩ ጉንጩ ኳስ የሚያህል፣ ያየው ሁሉ ካላቀፍኩት የሚለው ነበር። ታናሽ እህታቸው በ1984 ዓ.ም. አናጢ አግብታ ስምንት ዓመት ልጅ አላገኘችም። በ1992 ዓ.ም. በጥር ወር ሴት ልጅ ወለደች፤ ቀጭን፣ ትንሽ፣ እንቅልፍ የምትወድ። እናታቸው ሕፃኗን ባቀፉ ቁጥር «የታላቅሽ ልጅ በዚህ ዕድሜው እኮ…» ብለው ይጀምሩ ነበር።

ታላቂቱ ለሕፃኗ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሰጡ፤ ክዳኑ ላይም እንደ ልማዳቸው ልኩን ጻፉ። ታናሺቱ ግን የእህቷ ልጅ የወፈረው በተደበቀ መድኃኒት ነው ብላ አሰበች፤ ለእኔ ልጅ ቆጥባ ሰጠችኝ አለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ አንዲት ጎረቤት ጥሩ ነው ያለችውን ሌላ ጠብታ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ሄዳ ከማያውቋት ሱቅ ገዛች። እህቷን እንዳትጠይቅ ቅናቷ አፏን ያዘው። የታላቂቱ ጠብታ በማንጠብጠቢያው ሙሉ የሚሰጥ ነበር፤ አዲሱ ግን በአንዲቷ ጠብታ ብቻ አራት መቶ ዩኒት የያዘ ነው። እሷ እንደ መጀመሪያው መስሏት በየቀኑ አንድ ማንጠብጠቢያ ሙሉ ሰጠች፤ አምስት ሳምንት። ማርም ሲበዛ ይመራል።

ሕፃኗ ማስመለስ ጀመረች፤ ጡት እምቢ አለች፤ ሆዷ ደረቀ፤ ክብደቷ ቀነሰ። ሆስፒታል ስትገባ ታላቂቱ ከሥራ በነጭ ጋውናቸው ሮጠው መጡና «ያለሽን ሁሉ አምጪ» አሉ። ታናሺቱ ከቦርሳዋ እህቷ የሰጧትን ጠርሙስ ብቻ አወጣች። ታላቂቱ ዓይኗን አዩ። የሕፃኗን ልብስ ላምጣ ብለው ወደ ቤቷ ሄዱና ሁለተኛውን ጠርሙስ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላው ሥር አገኙት፤ በቀጥታም ለሐኪሙ ወስደው አሳዩት። ልጅቷ በዚያ ተረፈች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ወጣች።

በሆስፒታሉ ኮሪደር የሕፃኗ አባት «ማነው ይህን ያደረገ?» ብሎ ሲጮኽ፣ ታናሺቱ አፏን ሳትከፍት ታላቂቱ ቀደሙ። «ጠብታውን ስሰጣት በደንብ አላስረዳኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ታናሺቱ የወለሉን ንጣፍ ስታይ ቆየች። ሦስት ዓመት ሙሉ አናጢው እህታችንን ደጃፉን አላስረገጣቸውም። እናታቸውም «የገዛ እህትሽን ልጅ!» እንዳሏቸው በ1994 ዓ.ም. አረፉ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እናት ታናሺቱን አቅፈው «አንቺ ጥንቁቅ ነሽ» ይሏት ነበር፤ እሷም ደስ ይላት ነበር። ይህም ይጻፍ፤ ደስ ይላት ነበር።

እህታችን እውነቱን አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ያቺ ሕፃን አደገች፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የምትገባው ወደ እናቷ ቤት ሳይሆን ወደ አክስቷ መድኃኒት ቤት ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በዚያው ሙያ ተመርቃ ከጎናቸው ቆመች። እናቷ በዚህም ቀናች። ባለቤታቸውን በ2009 ዓ.ም. ያጡት እህታችን በ2016 ዓ.ም. በልብ ድካም አልጋ ላይ ሲውሉ እንኳ፣ ውኃ ሲፈልጉ የሚጠሩት ልጅቷን ነበር። እናቷ ብርጭቆ ይዛ በር ላይ እንደቆመች ትቀር ነበር። በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው ሰኞ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት ታናሺቱ ይህን ታሪክ ጽፋ ጨርሳ ነበር። 1992 ዓ.ም. አልነበረበትም። ልጇ አንብባ «እማዬ፣ የኔ ሕመም የለም እኮ። አክስቴ ጥፋቴ ነው እያለች አይደል የኖረችው?» አለቻት። ያኔ እናት ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ ተነሥታ ወጣች። ስትመለስ ከአክስቷ መሳቢያ ያመጣችውን ያንን ሁለተኛውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑ ላይ በዕድሜ ብዛት ቢጫ በሆነ ፕላስተር፣ በታላቂቱ እጅ «ለ4 ወር ልጅ፣ አንድ ጠብታ፣ ይበቃል» ተጽፏል። እህታችን ጠብታ ለምትገዛ እናት ሁሉ ጠርሙሱን አውጥተው ሲያሳዩ እስከ ሕመማቸው ድረስ ሃያ አራት ዓመት ኖረዋል። «ይቺን ያገኘሁት ልጇን ከዓይኗ ብሌን አብልጣ ከምትወድ እናት ነው። እሷ የተሳሳተችውን ማንም ይሳሳታል» ይሉ ነበር። ልጅቷም ከአክስቷ ተቀብላ ይህንኑ ለብዙ እናቶች ተናግራለች፤ እናትየዋ ማን እንደሆነች ግን አታውቅም ነበር።

«እንዳለ ጻፊው» አለች። «እኔ አነበዋለሁ።»

ስለዚህ አሁን በፊታችሁ ቆማ የምታነብላችሁ ያቺ የአራት ወር ሕፃን ናት። እህታችን አንዲትም ጠብታ አላጠፉም። ያጠፋችው ታናሽ እህታቸው ናት።

እህታችን የአንድ ወንድ ልጅ እናትና የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። አንዲት የእህት ልጅና አንዲት እህትም ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በማይጎድል ሰላም ያሳርፍ፤ እናታቸውም ባሉበት እውነቱን ይስሙ። ለእሳቸው በምትጸልዩት ጸሎት ላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ማንም ይበቃል አይበል።