እጩዎቻችንን ስለመረመሩልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሐብተማርያም ሐጌ
የኅብረት መረዳጃ ማኅበር የእጩዎች መርማሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ስኳርዎ፣ በተለይም ያን ዕለት አዳራሹን ጸጥ ያሰኘው ድምፅዎ ደህና ነው ወይ? እኛ ከእጩ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ስሜ ሩሐማ ስንታየሁ ይባላል፤ ከማኅበሩ ተራ አባላት አንዷ ነኝ። የምኖረውም እርስዎ በሚኖሩባት፣ ሚኒያፖሊስ ጥግ በተለጠፈችው ትንሽ ከተማችን፣ በኋለኛው ሰፈር ባሉት አፓርታማዎች ውስጥ ነው። የከተማዋን ስም ለክብሯ ስል አልጠራም፤ በዚህ ደብዳቤ የምዘረዝረው ጥፋት የእሷ አይደለምና።

ደብዳቤዬ ግልጽ ደብዳቤ ነውና፣ ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በመጪው ኖቬምበር በሚደረገው የከተማ ምክር ቤት ምርጫ፣ በሰፈራችን ወንበር ለመወዳደር ከእኛው ሰው ሁለት አሰቡ፤ ወይዘሪት ዮሐና ያደታና አቶ ኪዳኔ አሳምነው። ድምፃችን ለሁለት እንዳይከፈል ተብሎ የተሻለውን የሚለይ ኮሚቴ በእርስዎ መሪነት ተቋቋመ። እኛ የአፓርታማው ሰዎች ከአዲሱ ተመራጭ የምንፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከቤታችን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው የሚያደርስ የእግረኛ መንገድ። ዛሬ የምንሄደው በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ባለፈው የበረዶ ወቅት ጎረቤቴ ፈነት ኦዳ፣ አረጋውያን ወደምትንከባከብበት ሥራዋ በማለዳ ስትሄድ፣ የተዛቀው በረዶ ጠርዙን ሞልቶት ስለነበር ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ የተንሸራተተ መኪናም ዳሌዋን ሰበራት። አሁን በከዘራ ትሄዳለች፤ የምትሄደውም በዚያው ጠርዝ ነው። ሌላው በረዶ ደግሞ እየመጣ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄዎቻችሁ ጥልቀት አመሰግናለሁ። ሌክ ስትሪት ላይ በተከራያችሁት አዳራሽ የኋላ ወንበር ይዤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዮሐና በሕፃንነቷ ወደዚህ አገር የመጣች፣ በከተማችን የፕላን ኮሚሽን ለዓመታት ያገለገለች፣ የእግረኛ መንገዱን ጥያቄም አዘጋጅታ ለምክር ቤቱ ያቀረበች ልጅ ናት። የተከበረው ኮሚቴዎ ግን በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ጊዜውን አላባከነም። የአባቷን ስም አስደግሞ ጠየቀ፤ አባቷ ከወዴት እንደሆኑ ጠየቀ፤ የምትሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ጠየቀ፤ እስካሁን ለምን እንዳላገባች ጠየቀ። እሷም ግራ ገብቷት «ሶሪ፣ ይሄ ክዌስችን ከሲቲ ካውንስሉ ጋር እንዴት ኮኔክት እንደሚያደርግ አልገባኝም» ባለች ጊዜ፣ ከጎንዎ የተቀመጡት አባት ራሳቸውን ነቅንቀው አማርኛዋ ለኃላፊነት የሚያበቃ አይደለም አሉ። ምክር ቤቱ ስብሰባውን በአማርኛ ማካሄድ በጀመረ ዕለት የእኚህ አባት አርቆ አስተዋይነት ይመሰከርለታል።

አቶ ኪዳኔን ግን አገር ቤት ምን እንደነበሩ ጠየቃችኋቸው፤ እሳቸውም ኃላፊ ነበርኩ አሉ። የምን ኃላፊ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መጠየቅ ነውር ይመስል ነበርና እኔም አላነሳሁትም።

ሁለተኛ፣ ለቅሶን የከተማ አስተዳደር ችሎታ መለኪያ በማድረጋችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አቶ ኪዳኔ በእርግጥም ለቅሶ የማያልፋቸው ሰው ናቸው፤ ይህን የሚክድ ይሉኝታ ቢስ ነው። በፒክአፕ መኪናቸው ወንበር ያመላልሳሉ፤ የታሸገ ውሃ በየደረጃው ተሸክመው ይወጣሉ፤ ሐዘንተኛውን ዘመድ ከሚያጽናናው በላይ ያጽናናሉ። ባለቤቴ ወንድሙን ባጣ ጊዜ ለእኛም አድርገውልናል፤ ውለታቸውን አልረሳም። ዮሐና ግን በአንድ ትልቅ ለቅሶ ላይ ባለመታየቷ «ሰው አታውቅም» ተባለች። ያን ምሽት የት እንደነበረች ማንም አልጠየቃትም እንጂ፣ ምክር ቤቱ ፊት ቆማ ስለ ፈነት ዳሌ እየተናገረች ነበር። እኔ አብሬያት ስለነበርኩ ከለቅሶው እኔም ቀርቻለሁ፤ ከፈለጋችሁ እኔንም መርምሩኝ።

ሦስተኛው ምስጋና ስለ ሽማግሌዎቻችሁ ነው። አቶ ኪዳኔን በሙሉ ድምፅ ከመረጣችሁ በኋላ ዮሐና በራሷ የመመዝገብ መብት ስለነበራት፣ ወላጆቿ ቤት ሽማግሌ ላካችሁ። አራት ሽበታም አባቶች ጋቢያቸውን ለብሰው ገብተው፣ አንቀመጥም ብለው፣ ለወገን ስትይ ተይው ብለው ለመኗት። እንግዲህ የእኛ ቤት ልጅ ምንም እንግሊዝኛ ቢቀናት፣ ቆመው የሚለምኑ ሽማግሌዎችን እምቢ የምትልበት አንጀት ከወዴት ታመጣለች? እናቷ አለቀሱ፤ እሷም እሺ አለች። በአማርኛዋና በሰው አያያዟ የጣላችኋት ልጅ፣ ወጉን አክብራ ከውድድሩ የወጣች እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደረሰ። እርስዎና ኮሚቴዎ አቶ ኪዳኔን አጅባችሁ፣ ካሜራ ደቅናችሁ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ገባችሁ። መዝጋቢዋ ልጅ ስማቸውን ጠየቀች፤ ነገሩት። አድራሻቸውን ጠየቀች፤ እሱንም ሳይደብቁ ነገሯት። ሜፕልዉድ።

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ እኚህ ሰው እዚያ መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ሜፕልዉድ ማለት ሚኒያፖሊስን አልፈው፣ ሴንት ፖልን አልፈው የሚደርሱባት፣ የራሷ ከንቲባ ያላት ሌላ ከተማ ናት። የአንድ ከተማ ምክር ቤት አባል ለመሆን እዚያው ከተማ መኖር እንደሚያስፈልግ እንኳን ኮሚቴ የእኔ የስድስተኛ ክፍል ልጅም ያውቃል። እናንተ የእጩውን ትውልድ እስከ አያት ድረስ ቆጥራችሁ፣ ሰውዬው ማታ ማታ ወዴት እንደሚገቡ ሳትጠይቁ ቀራችሁ። አልፈርድባችሁም ልል ነበር፤ አቶ ኪዳኔ በየለቅሶው ከእኛ ቀድመው ስለሚደርሱ ሁላችንም የሰፈራችን ሰው መስለውን ነበር፤ የት ነው የምትኖረው የተባለ ሁሉም «ሚኒሶታ» ብሎ ያልፋል። ግን እኛ መርማሪ ኮሚቴ ነን አላልንም። እሳቸውም በኋላ ሲወቀሱ «ማንም አልጠየቀኝም እኮ» ብለዋል፤ እውነታቸውን ነው፤ በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ያልዋሸ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

መዝጋቢዋ አቶ ኪዳኔን ሳትመዘግብ ማዘጋጃ ቤቱ ሲዘጋ፣ ከእኛ ሰው አንድም እጩ አልነበረም። የቀሩት አሁን በወንበሩ ያሉት ሰውዬ ብቻ ናቸው፤ የእግረኛ መንገዱን ጥያቄ «ሰው እዚህ በመኪና ነው የሚሄደው» ብለው የጣሉት እሳቸው ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስላወጣችሁት መግለጫ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል እናንተን መዝለፍ ይሆንብኛል። መግለጫው «በአንዳንድ ቴክኒካዊ ምክንያቶች» ይላል። የሰው መኖሪያ ቤት ቴክኒካዊ ምክንያት መሆኑን ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። ይቅርታ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ፤ ለዮሐና የተጻፈ አንድ መስመርም የለም።

እንግዲህ እኛም ከእናንተ ተምረን ወደ ዮሐና ሽማግሌ ልከናል። ሽበት ስላጠረን ፈነት በከዘራዋ ፊት ፊት ሄደች፤ እኔና የአፓርታማው ሴቶች ተከተልናት። እኛም አንቀመጥም አልን፤ ፈነት ግን ዳሌዋ እምቢ ስላላት ተቀመጠች። ዮሐና መጀመሪያ ተቆጣችን። «አክብሬያቸው እኮ ነው የወጣሁት! አሁን ደግሞ ተመለሺ ትሉኛላችሁ?» አለች፤ ልክ ነበረች። ከዚያ የፈነትን እግር አየችና እሺ አለች። ስሟ በምርጫ ወረቀቱ ላይ አይታተምም፤ የሚመርጣት ሁሉ በገዛ እጁ ሊጽፈው ይገባል። በእጅ የተጻፈ ስም እንደማይቀናው አውቃለሁ፤ እናሸንፋለን ብዬ አልዋሽዎትም። ግን በር ለበር እየሄድን ነው፤ ለአማርኛ ተናጋሪውም ለኦሮምኛ ተናጋሪውም ለሶማሌውም ለፈረንጁም ስሟ እንዴት እንደሚጻፍ እያሳየን ነው። የምንጠይቀው ጥያቄም አንድ ነው፤ እዚህ ሰፈር በእግርዎ ሄደው ያውቃሉ ወይ?

ከኮሚቴዎ የምለምነው ውለታ ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ዮሐናን በይፋ እንዳትደግፉብን።

ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኮሚቴ ሥራ የረዘመ ዕረፍት እየተመኘሁልዎ፣ ወንበርዎን ለሚያውቅበት ሰው የሚያስረክቡበትን ቀን በጸሎት የምጠባበቅ፣ የእርስዎ ታዛዥ ነበርኩ የምል

ሩሐማ ስንታየሁ

ማስታወሻ፦ ባለፈው እሑድ ፈነት በርዎ ድረስ መጥታ ለዮሐና ድምፅዎን እንዲሰጡ ለምናዎት ነበር። እርስዎም በአባትነት ፈገግታ፣ ዜግነት ካገኙ ጀምሮ በዚህ አገር አንድም ቀን መርጠው እንደማያውቁ፣ ፖለቲካ ውስጥም እንደማይገቡ ነገሯት። ይህን ስሰማ ደብዳቤዬን ልቀድደው ነበር፤ ለማን ነው የምጽፈው ብዬ። ከዚያ ግን ስትወጣ በሩ ላይ ቆመው «በርቺ ልጄ፣ መንገዱን ተጠንቀቂ» እንዳሏት ነገረችኝ። አቶ ሐብተማርያም፣ ለዚያ ነበር እኮ የመጣችው።