ለእህቴ አዳራሽ፣ ለእኔ ባልዲ

ለተከበሩ የከተማችን ሕንፃዎች እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ጉልበትዎም ወገብዎም፣ በተለይ ደግሞ ዓይንዎ ደህና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁት ባለፈው ወር ባለሙያዎችዎን አስከትለው ቤተ መጻሕፍታችንን ከጎበኙ በኋላ «ይዞታው መልካም ነው» ብለው ስለሄዱ ነው። እኔ የዚሁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ከፊት ለፊታችን ያለውን የከተማውን አዳራሽ የምታስተዳድረው ደግሞ ታናሽ እህቴ ናት። ደብዳቤዬን አንብበው ሲጨርሱ «ይህች ሴትዮ ቀንታ ነው እንጂ» ማለትዎ ስለማይቀር ድካምዎን ላቅልልልዎ፦ አዎ፣ ቀንቻለሁ። ቆሽቴ አሯል።

የእድሳት እቅዱን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ቆሜ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አዳራሹ አዲስ ጣሪያ፣ አዲስ ወለል፣ አዲስ መብራትና ሲቀመጡበት የሚያሰምጥ ወንበር ያገኛል። በሁለተኛው ምዕራፍ የእርስዎ ቢሮ ይታደሳል። ቤተ መጻሕፍቱ በሦስተኛው ምዕራፍ «ሁኔታዎች ሲመቻቹ» ይታያል ተብሏል። ሁኔታዎች የተባሉትን ሰዎች ስለማላውቃቸው ሰላምታዬን እንዲያደርሱልኝ እለምናለሁ። ቅሬታዎቼንም እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ምን እንዳደረግን ይወቁልኝ። ጥበቃችን በወጣትነቱ ቀለም ቀቢ ስለነበር በኮርኒሱና በግድግዳው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ በነጭ ቀለም አጠፋው። በመደርደሪያዎቹ መካከል ጠብታ የሚቀበሉትን ባልዲዎች ሰብስበን መጸዳጃ ቤት ቆለፍንባቸው። የራሱትን መጻሕፍት ከደረቁት ኋላ አሰለፍን። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችን ደግሞ ግድግዳ አስደግፈን፣ ጨዋ መስለው እንዲቆሙ አደረግን። ገበናን ለእንግዳ ማሳየት ነውር ነው ተብለን ነዋ ያደግነው። አንዱ ባለሙያዎ ያልደረቀውን ቀለም ተደግፎ ኮቱ ሲነጣ እንኳ አራግፎት ሄደ እንጂ ይህ ግድግዳ ለምን ዛሬ ተቀባ ብሎ አልጠየቀም። ለዚህ ጨዋነቱ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

እህቴስ? እህቴ የተሰበረውን መስኮት እንደተሰበረ ተወችው። መብራቱ እንዲብለጨለጭ ፈቀደችለት። እርስዎን ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት እጅዎን ይዛ ሽቦው በወጣበት ወንበር ላይ አስቀመጠችዎ። ሱሪዎ ስለደረሰበት ጉዳት ከልብ አዝናለሁ፤ አዳራሹ በመጀመሪያው ምዕራፍ የገባው ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀዳዳ በኩል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እህቴ ይህን ከማን እንደተማረች አላውቅም፤ ያሳደገችን እናት አንዲት ናት።

፪ኛ. ጥናታችሁ ሕንፃዎችን በቅደም ተከተል ያስቀመጠው በቀረበባቸው የቅሬታ ብዛት መሆኑን ሰምቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ ድግስ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሰማውን ጩኸት እኔም እዚህ ማዶ ተቀምጬ እሰማዋለሁ፤ ለቅሬታ አይታማም። የእኛ ሰዎች ግን ዝም የሚሉ ናቸው፤ ዝም እንዲሉም ግድግዳው ላይ የጻፍንባቸው እኛው ነን። ጋዜጣ ሊያነቡ የሚመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ አሉን። ጠብታ ትከሻቸው ላይ ሲያርፍ ወንበራቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ፤ ሲደገምም ሌላ ፈቀቅ። በዚህ ክረምት ከመስኮቱ ተነስተው በር አጠገብ ደርሰዋል። አንድም ቀን አቤት ብለው አያውቁም። እንዲህ ያለውን ሰው ቁጥራችሁ ውስጥ ባለማስገባት ሰላሙን ስለጠበቃችሁለት እናመሰግናለን።

የሚከተለው ከቅሬታ ይቆጠር አይቆጠር ስላላወቅሁ ቁጥር አልሰጠሁትም። እህቴ የአዳራሹን ወለል ለመምረጥ የናሙና ሸክላዎች ይዛ ቤት መጣች። በእናታችን አልጋ ላይ ደርድራቸው፣ አንቺ ዓይን አለሽና ምረጪልኝ አለችኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ መረጥኩ። ግራጫውን፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለውን። አሁን አዳራሹ ውስጥ የሚነጠፈው እሱ ነው። እናታችን ሸክላውን በእጇ ዳብሳ እህቴን ስትመርቅ ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺስ ያው ነሽ? አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያው ነኝ። የምወዳት እህቴ ናት፤ ያን ቀን ግን ሸክላውን እግሯ ላይ ብጥለው ደስ ባለኝ ነበር።

፫ኛ. ይኸኛው ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይቅር ቢሉኝ እንኳ ይህን አልተውም። የአዳራሹ ወለል ሳይነጠፍ አዲሶቹ ወንበሮች ቀድመው ደረሱ። ማስቀመጫ በመጥፋቱም ከሰኞ ጀምሮ የንባብ ክፍላችን እንዲዘጋና ለወንበሮቹ መጋዘን እንዲሆን ትእዛዝዎ ደርሶኛል። እስከ መቼ ለሚለው መልሱ እስከ ሥራው ፍጻሜ ነው። ያ ክፍል በከተማው ውስጥ ማንም ሰው ምንም ሳይገዛ ተቀምጦ የሚውልበት ብቸኛ ቦታ ነው። ቤታቸው ጠቦ እዚህ ለፈተና የሚዘጋጁ ሴት ነርሶች አሉ። ቤት ውስጥ ብቸኝነት የሚያንገበግባቸው ልብስ ሰፊው አሉ። እነዚህ ወዴት ይሂዱ? ሰው ወጥቶ ወንበር የሚገባበትን ክፍል እኔ በምን አፌ ቤተ መጻሕፍት ብዬ ልጥራው? ሦስተኛውን ምዕራፍ ከፈለጉ አሥረኛ ያድርጉት፤ በሩን ግን አይዝጉብን።

እርስዎ ለከተማችን ውበት ሲሉ ስለሚያፈሱት ላብ፣ እኛም በባልዲ ስለምናፈሰው ውሃ ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ረጅም ዕድሜና የማይቀደድ ሱሪ እመኝልዎታለሁ።

እጅግ አክባሪዎ፣
ይዞታው መልካም የሆነው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌ ለከተማችን ጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ወንበሮቹ ወደ እኛ መጡ። እህቴ ከጭነት መኪናው ወርዳ፣ ንባብ ክፍሉ ገብታ ኮርኒሱን ቀና ብላ አየችና፣ በዚህ ጣሪያ ሥር ወንበሮቼን አላወርድም ብላ እዚያው ቆማ ስልክ ደወለችልዎ። በማግስቱ ጠጋኞች መጡ። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ባልዲዎቹም ሥራ ፈቱ። እኔ በማመልከቻ ስለምን የኖርኩትን እህቴ በአንድ ስልክ ጨረሰችው፤ በእሷ መቅናቴ ሳያንስ ዘንድሮ በወንበርም ቀናሁ። ወንበሮቹን በትእዛዝዎ መሠረት ንባብ ክፍሉ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። መደራረቡ እንዳያጎብጣቸው ብዬ ግን በጠረጴዛዎቹ ዙሪያ ደረደርኳቸው፤ ነርሶቹም ተቀምጠውባቸዋል። ለክብር እንግዳ ተብሎ የመጣው፣ ክንድ ያለው ትልቁ ወንበር ላይ ልብስ ሰፊው ጋዜጣቸውን ዘርግተዋል። ክፍሉን መዝጋት ከፈለጉ በሩ ክፍት ነው፤ መጥተው ራስዎ ያስነሷቸው።