አባትሽ ውሃ የጨመረበት አንቲፍሪዝ

ልጄ ሲርካ፣ ካናዳ ትመችሽ፤ ወጥተሽ መግባትሽን አምላክ ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጨው ዓሣችን ቱርኩ ከተማ ገበያ ላይ ተወዶልናል። ጎረቤታችን ከርቱም በስተርጅና ልታገባ ነው፣ ጉድ በይ!

እንቅልፍ የነሳኝ አባትሽ ነው። ዘንድሮም የጀልባውን ሞተር ለበረዶው ወራት ራሴ አዘጋጃለሁ አለ። ሞተሩ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ረግቶ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው፣ ባሕሩን አይጎዳም የተባለውን ሮዝ አንቲፍሪዝ ገዛ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ፣ እንደ መኪናው መስሎት ግማሹን ውሃ አድርጎ በጠበጠው! ይሄኛው እንዳለ ነው የሚጨመረው፣ ውሃ ከበዛበት እሱም ይረጋል፤ ጄሪካኑ ላይ ተጽፏል።

"ታውኖ፣ እስቲ አንብበው" ስለው፣

"አንቺ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆንሽ?" ብሎ ሳቀብኝ።

"ሞተሩ ሲሰነጠቅ እሆናለሁ!" አልኩት። ይኸው አኩርፎኛል።

ያ ሞተር ከተበላሸ ሌላ መግዣ የለንም። ዓሣ ማጥመድ ትቶ ቤት የዋለ ዕለት ደግሞ አባትሽ አለቀለት።

ኃይለኛው ውርጭ ሳይገባ ቶሎ ደውይለት። እኔ እንደነገርኩሽ አታንሺ። "አባዬ፣ ጓደኛዬ ለጀልባው ሮዙን አንቲፍሪዝ ገዝቶ ግራ ገባው፤ አንተ ጄሪካን ላይ የተጻፈውን አንብብልን" በይው። ለእኔ እንቢ ያለውን ላንቺ ያነበዋል።

በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ።

እናትሽ ራይሊ