ቻይና ተራራ ላይ የተሳለምኩት ደጅ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ጥፋተኛዋ ሂሩት ናት፣ የወለድኳት ልጄ። ደቡብ ቻይና ድረስ ወስዳ፣ ከታች እስከ ላይ መዝናኛ ያደረጉትን ተራራ ያሳየችኝ እሷ ናት። በኬብል ካር ወጥተን ስንወርድ መስቀል የቆመበት ቤተ ክርስቲያን አየሁ። በስተርጅና ፊደል ብቆጥርም፣ በሩ ላይ የተጻፈው ቻይንኛ ነው። ጫማዬን አውልቄ ደጁን ተሳለምኩ። ሂሩት አግብታ እስካሁን አልወለደችምና ልጅ እንዲሰጣት ተሳልኩ። ቀና ስል ውስጡ ከረሜላ ይሸጣል። ለካ ለፎቶ የተሠራ ነው።

ዛሬ ሬድስቶን በሚባለው መንደር ባለው ቤቷ እንግዶች ጠርታ ነበር። በስልኳ ቀርጻኝ ኖሯል፤ በትልቁ ቲቪ ከፈተችው።

"እማዬ ከረሜላ ቤት ስትሳለም እዩልኝ!"

"እትዬ፣ ታቦቱ የማን ነበር?" አለኝ አንዱ ጎረምሳ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

"ግን ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?" አለችኝ ሂሩት፣ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች።

"ለጉልበቴ ነው" አልኳት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬ!" ብላ እንደገና ከመጀመሪያው አጫወተችው።

ሻዬን ጨርሼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ከእንግዲህ ለእሷ ስለት አልሳልም።