ከፋርማሲው ጀርባ ያለው ሰማያዊ በር

ለምወድህም ለምናደድብህም ወንድሜ፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጎንህን አሁንም ያምሃል ወይስ እዚያ ሲደርሱ ሕመም ይቀራል? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔን አይወስደኝም። ደብዳቤ ሲጀመር «እኛ ደህና ነን» ይባላል፤ እኔ ግን ደህና ነን ብዬ ብጽፍልህ መዋሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቀዋለህ። ስዋሽ ፊደሎቼ ወደ ጎን እንደሚያዘሙ የነገርከኝ አንተ ነህ።

መሞትህን አውቃለሁ። ከተቀበርክ ዛሬ ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ሞላህ። ግን ለብየዳ ሥራ ሌላ ከተማ በነበርክበት ዓመት «ወሬውን ሳታሳጥር፣ ሳታሳምርም ጻፍልኝ» ትለኝ ነበር። አሁንም ሩቅ አገር ለሥራ እንደሄድክ ቆጥሬ ልጻፍልህ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ እማዬ ሁለት ጊዜ «ጠረጴዛውን አትናጠው» ብላኛለች። ሦስት ጊዜ ተነስቼ በሩ መዘጋቱን አይቻለሁ። ዛሬ እሑድ ነው። ነገ ጠዋት ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ለዚያ ነው የምጽፍልህ።

ካንተ በኋላ የሆነውን ልንገርህ። በቀብርህ በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። አንዱ የአንተ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ሌላዋ ጤና ጣቢያ ስንከተብ እጃችንን ይይዙ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ነርስ ናቸው። ልጆች እርስ በርስ እንዳይገዳደሉ የሚደክሙ የሰፈር ሰዎች ማኅበር አላቸው። ቢሮ የላቸውም። የሚሰበሰቡት ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ ሊቀመንበሩ ተነስቶ ወንበሩን ይለቃል። ሥራቸው እንዲህ ነው፤ አንድ ልጅ ሲወጋ ማን ሊበቀል እንደሚችል፣ ማንንስ ሊበቀሉት እንደሚችሉ ያጣራሉ። ከዚያ ያንን ልጅ ለስድስት ሳምንት ጠዋት ትምህርት ቤት ያደርሱታል፣ ከሰዓት ይመልሱታል። ምክር የለ፣ ስብከት የለ። ጎን ለጎን መሄድ ብቻ ነው።

እኔ «አንደኛ ክፍል ነኝ እንዴ የምሸኘው?» ብዬ ተቆጣሁ። ቆራጩ «አይደለህም። አንደኛ ክፍል ብትሆንማ እጅህን እይዝህ ነበር» አለኝ። በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። መቀሱን ከኪሱ ማውጣት ረስቶ ነበር።

ነርሷ የያዙት እማዬን ነው። አንተን የወጋህ ልጅ መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቀረበበትን ቀን ማንም ስላልነገራት አልፎን ነበር። እማዬ ለብቻዋ ፖሊስ ጣቢያ እየሄደች አግዳሚ ወንበር ላይ ትውላለች፤ «ነገ ነይ» ይሏታል፣ ትመለሳለች። ነርሷ አብረዋት ሲሄዱ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ቀና ሳይል «ልጇ ድልድዩን ተሻግሮ ጠብ ፍለጋ ሄዶ ነው። ተበዳዩ ማን እንደሆነ ገና አልተለየም» አላቸው። ነርሷ «ሟቹ ማን እንደሆነ ግን ተለይቷል አይደል? እንግዲያው ከእሱ ጀምርልን» አሉት። ሰውዬው ያን ጊዜ ቀና አለ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን በወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። እማዬ ያቺን ወረቀት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ነው የያዘቻት።

ድልድዩን ተሻግረህ ለምን እንደሄድክ የማውቀው እኔ ነኝ። የድልድዩ ማዶ ልጆች ጃኬቴን ቀምተውኝ እያለቀስኩ ገባሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስለ ጃኬት አለቀስኩ። አንተ የብየዳ መነጽርህን ከግንባርህ አውርደህ «ዝም በል፣ አሁን አመጣልሃለሁ» ብለህ ወጣህ። ይህን ለማንም ሳልናገር ስንት ቀን ከረምኩ። ጓደኛህ ሽቦ ግን ያውቃል፤ ስትሄድ መንገድ ላይ አግኝቶህ ነግረኸው ኖሯል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ማኅበሩ ለጥንቃቄ ሲል የሚሸኙትን ልጆች ስም አይጽፍም። ደብተራቸው ላይ ያለው የበር ቀለም ነው፤ አረንጓዴ በር፣ ቀለም የለቀቀ በር እያሉ። ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ ያገኘው ሰው ማን ማን እንደሆነ እንዳያውቅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቆራጩን ጉንፋን ጣለውና አዲስ አባል የሆነውን ጎማ ጠጋኙን፣ ጎሚስታውን፣ «ሰማያዊውን በር አንተ ሂድልኝ» ብሎ ላከው። ደብተሩ ላይ ሁለት ሰማያዊ በር ነበር፤ አንዱ የእኛ ነው። ጎሚስታው የትኛው እንደሆነ ግራ ሲገባው ለመጠየቅ አፈረና ሁለቱንም ልጆች ሰበሰበ።

በሩን ስከፍት ጎሚስታው ጥርሱን ፈልቅቆ ይስቃል። ከጎኑ የቆመው ኮፍያው ነው። ኮፍያው ማን መሰለህ? የገዳይህ ታናሽ ወንድም። ከእኔ ሁለት ክፍል በታች ይማራል፤ ኮፍያ ከራሱ ስለማይለይ ነው እንዲህ የምንለው። ወንድሙ ከታሰረ በኋላ እናቱ ይዛው ከድልድዩ ማዶ ጠፍታ፣ የት እንደገባች ማንም አያውቅም ነበር። ጎሚስታው ግን «ሁለታችሁም ሰማያዊ በር ናችሁ ለካ! ይኼን ከፋርማሲው ጀርባ ካለው ሰማያዊ በር ነው ያመጣሁት» ብሎ አረፈው።

ኮፍያው ከንፈሩ ነጭ ሆነ። እኔ በራችንን ከኋላዬ ዘጋሁት። ጎሚስታው መሐላችን ገብቶ ምስማር የሚወደው የፊት ጎማ ነው ወይስ የኋላ እያለ እስከ ትምህርት ቤት ሲያስረዳን ሄደ። ልጁን አንዴም ቀና ብዬ አላየሁት፤ ጫማውን ብቻ ሳይ ደረስን። በኋላ እንደሰማሁት የኮፍያው የራሱ ሸኚ ሲደርስ ልጁን አጥቶ ሰፈሩን ሲያምስ ነበር የዋለው።

ቆራጩ ሲሻለው ተጣላሁት። «እኔን ስትሸኙኝ አዝናችሁልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የእነሱንም ትሸኛላችሁ!» አልኩት። ሁለት መንገድ አሻገረኝ። ከዚያ «ወንድምህን ፀጉሩን የቆረጥኩት በሞተ ሳምንት ነው። ቀብሩም ላይ ነበርኩ። ሁለተኛ ቀብር ሂድ ብትለኝ እግሬ እምቢ ይለኛል» አለኝ። ጎሚስታውን ተቆጥተውት እንደሆነ ስጠይቀው «በጣም። ከእንግዲህ በሮቹን እንቆጥራለን» አለ።

እኔ ግን የማላውቀውን አወቅኩ። ያ ነው የበላኝ። ከማኅበሩ ሰዎች ሌላ የልጁን በር የማውቀው ከሰፈራችን እኔ ብቻ ሆንኩ።

ሽቦን ታስታውሰዋለህ መቼም። በቀብርህ ቀን ከእኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል እየመጣ «ሸኚዎችህ መቼ ነው የሚለቁህ?» ይለኛል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ፣ ያን ጠዋት ከኮፍያው ጋር ስሄድ ያየኝ ሰው ነግሮት ኖሮ፣ «ወንድምህ ደመ ከልብ ሆኖ ይቅር? እሱ ላንተ ጃኬት ሞተ፤ አንተ አንድ በር ማሳየት ከበደህ?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ፊቴ ነደደ። «ፋርማሲው ጋ ነው» አልኩት። ጀርባ አላልኩም፣ ሰማያዊ በር አላልኩም። ግን አልኩት። ሽቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ሰኞ ጠዋት እኛ እናየዋለን፤ አንተ ትምህርትህን ተማር» አለኝ።

ስድስቱ ሳምንት አርብ አለቀ፤ የኔም የኮፍያውም። ቆራጩ በራችን ላይ «እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ለብቻህ ነህ፣ አንበሳው» ብሎ ጨበጠኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ስለ ኳስ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀምስም። አንዳንዴ ሽቦ እውነቱን ነው እላለሁ። እውነቴን ነው የምነግርህ፤ ያ ልጅ ሲደማ ባይ ደስ የሚለኝ ሰዓት አለ። ወዲያው ደግሞ ያ ጫማው ትዝ ይለኛል። አንተ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? «ዝም በል፣ አሁን አመጣልሃለሁ» ብቻ ነው የሚሰማኝ፤ ሌላ ነገር አትለኝም።

ሰላምታ ላድርስልህና ልተኛ። እማዬን ሰላምታሽን ልጻፍለት ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ግን ጠዋት ጠዋት እኔን የምትቀሰቅሰኝ በአንተ ስም ነው፣ እኔም አቤት እላታለሁ። ሚጣ እህታችን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስምህን ስትጠራ ንፋስ ይወጣባታል፤ ሰላም ብላሃለች፣ ጥርሱንም ስትመጣ አሳይሃለሁ ብላለች። ለእሷ በደንብ የነገራት የለም። አክስቴ ከእኛ ጋር ነው የምታድረው፣ በአንተ አልጋ ላይ፤ ታንኮራፋለች፣ ይቅርታ አድርግላት። ብየዳ ቤት ያለው አለቃህ ጓንትህን ለማንም አልሰጥም ብሎ ሰቅሎታል፤ እሱም ሰላም ይልሃል።

እዚህ ላይ ትናንት አቁሜ ነበር። አሁን ሰኞ ከሰዓት ነው፤ ከትምህርት ቤት መመለሴ ነው። ለብቻዬ የወጣሁበትን የመጀመሪያ ጠዋት ልጨምርልህ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለእማዬ «የቡድን ጥናት አለን» ብዬ ወጣሁ። ፋርማሲው ገና አልተከፈተም፤ እነ ሽቦም አልደረሱም። ወደ ጀርባ ዞርኩ። ሰማያዊውን በር ሳንኳኳ እናትየው በጠባቡ ከፍታ አየችኝ። እኔና አንተ መልካችን አንድ ነው፤ አንተ የመጣህባት ነው የመሰላት። «ምን ፈለግህ? ይኼኛውን እንኳ ተዉልኝ» አለች። ቦርሳዬን ከፈትኩና መሬት ላይ ዘረገፍኩት፤ ደብተሮቼ፣ ማስመሪያዬ፣ በፌስታል የያዝኩት ዳቦ። ኪሶቼንም ወደ ውጭ ገለበጥኩላት። «በፋርማሲው በኩል እንዳይወጣ፤ ሊጠብቁት እየመጡ ነው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

በጥፊ አጮለችኝ። ቀጥላ ጎንበስ ብላ ደብተሮቼን ትለቅም ጀመር። እኔም ጎንበስ አልኩ። አብረን ለቀምን።

እኔንና ኮፍያውን በጎረቤቷ ግቢ አሳልፋ በኋላ በር አወጣችን። በአትክልት መሸጫው በኩል ዞረን ፀጉር ቤቱ ደረስን። ቆራጩ ወለሉን እየጠረገ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። «ሐሙስ? አርብ ስለ ኳስ ስታደርቀኝ ይኼን ይዘህ ነው?» አለኝ። መጥረጊያውን አስደግፎ ለነርሷና ለጎሚስታው ደወለ፤ ከዚያ «እስክመለስ ከውስጥ ቆልፉ» ብሎን ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ፋርማሲው ሮጠ።

ከገዳይህ ወንድም ጋር በአንድ ክፍል ተቆልፌ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሁለት ወንበር ነው ያለው፣ ሁለቱም ወደ መስታወቱ የዞሩ። እሱን ላለማየት ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ አገኘዋለሁ። እሱም እንደዚያው። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎት ነበር፤ ፀጉሩ በስተኋላ በኩል የሕፃን ይመስላል። ጠላሁት። አሁንም እጠላዋለሁ፤ ፊደሎቼ እንዳላዘመሙ ተመልከት።

ቆራጩ ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። ሽቦ ሰድቦታል፣ ገፍትሮታል፤ ነርሷ መሐላቸው ገብተው «መጀመሪያ እኔን ግፋ፣ የከተብኩህን» ሲሉት ነው አንገቱን የደፋው። «ሄደዋል» አለን ቆራጩ። ትንሽ ተንፍሶ «ለዛሬ» ብሎ ጨመረ።

ሦስታችን ወደ ትምህርት ቤት ሄድን። በሩ ላይ ቆራጩ ከዘበኛው ጋር ሲያወራ ኮፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ። «ነገስ?» አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ። ደወሉ ተደውሏል፣ ሰው ሁሉ እየገፋን ያልፋል። «አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በኋላ በር ውጣ። እመጣለሁ» አልኩትና ጥዬው ወደ ክፍሌ ሮጥኩ።

ታናሽ ወንድምህ
ከቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን