ያልተሸፈነው ሰሌዳህ

ውዴ ታዴ፣

ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። ጂንካ እንደተውካት ናት፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ጭቃ፣ ሲመሽ ደግሞ መብራት እንደ ፈቀደው። ከመሥሪያ ጠረጴዛህ በላይ ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። ጣውላ የምትጠረንፍባቸውን ሞርሳዎችህን ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው ነበር፤ ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። መላጊያህን ግን ነክቼዋለሁ። እኔ፣ ሚስማር ስመታ አውራ ጣቴን የምመታው ሴትዮ። እንዴት እዚያ እንደ ደረስኩ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

አንባቢዎቼ ለዛሬ ይቅር ይበሉኝ። አንተ «የወሬ ሱቅሽ» እያልክ የምትስቅበት የመጽሔት ዓምዴ ላይ ማን አገባ፣ ማን ተኳረፈ የሚለውን ትቼ ለአንተ መጻፌ ነው። ለነገሩ ይህም ከሐሜት አይርቅም። የታማኸው አንተ ነህ። ጂንካ ውስጥ ብቻ ታምተህ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እችለው ነበር።

ከጂንካው ልጀምርልህ። በለቅሶህ ድንኳን ውስጥ ሰው ተኮልኩሎ ተቀምጦ ሳለ፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ባለ ሱቅ እትዬ አልማዝ ወደ ጎናቸው ጠጋ ብለው «አውቆት ነው እኮ፤ የራሱን ሣጥን ሲሠራ ነው የከረመው» ሲሉ ሰማኋቸው። ግቢው ጥግ በሸራ የተሸፈነውን ሰሌዳህን ማለታቸው ነው። ረጅም ነው፣ ጠባብ ነው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፤ በምን ይፍረዱ። ከዚያ ወዲህ ሰው ግቢያችን ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ ወደዚያ ጥግ ነው የሚሄደው። አንዷ ጎረቤትማ «ቤት ውስጥ ሞት ይጠራል፣ አቃጥይው» ብላ መከረችኝ። እኔም ይህ ሰዎች በባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው ብዬ ባስረዳት፣ ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነካው ብላ ሄደች።

እውነቷን ነው። ጂንካና ባሕር የት ተገናኝተው።

ያ መኪና የመጣ ቀን ትዝ ይልሃል? ወደ ኬንያ የሚሻገሩት ፈረንጆች፣ ጣሪያቸው ላይ የጫኑት ሰሌዳ በቱርሚ መንገድ ንጦ ንጦ መሐሉ ላይ ተሰነጠቀባቸው። አናጺ ፈልገው ወደ አንተ መጡ። አንተም አላውቀውም ማለት የማይሆንልህ ሰው፣ አገላብጠህ አይተህ ነገ ኑ አልካቸው። ከዚያ በስልክህ ስትፈልግ ስትፈልግ ያንን የቴሌግራም ግሩፕ አገኘኸው። በአማርኛ የሚያወሩ፣ ሰሌዳ በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች። አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ጅቡቲ። አድሚኑ ሞምባሳ ወደብ ላይ የሚሠራ የአገራችን ሰው፤ መርከብ ነድቶ የማያውቅ፣ ግን ካፒቴን የሚሉት።

ገብተህ ሰላም እንኳ ሳትል «የተሰነጠቀ ሰሌዳ በምን ይጠገናል?» ብለህ ጻፍክ። ጥያቄህ ወዲያው ጠፋ። የቤቱን ሥርዓት አታውቅም ነበራ። አዲስ ሰው መጀመሪያ ስሙንና አገሩን ይናገራል፤ ከዚያ በገዛ እጁ የሠራውን አንድ ነገር ፎቶ አንስቶ ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ነው አፍ የሚኖረው። ያላሳየ አይጠይቅም። መልስ ያገኘ ደግሞ ተመልሶ የሠራውን ማሳየት አለበት፤ ካላሳየ «ወስዶ ሂያጅ» ይባላል፤ እዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

አንተ ታዲያ ምን ላክህ? አልጋችንን! የተጋባን ጊዜ የሠራኸውን የዋንዛ አልጋ፣ ያውም እኔ ሳላነጥፈው። ሳቁ ሳምንት አልበቃውም። ራሱን «የሐይቁ ልጅ» ብሎ የሚጠራው የሐዋሳው ሰውዬ «የሚንሳፈፍ ነው ያልነው፣ የሚያስተኛ አላልንም» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምህ አልጋው ሆኖ ቀረ። አንተ አልተቀየምክም። አንሶላ እንኳ የሌለው አልጋችን በአገር ሲዞር የተቀየምኩት እኔ ነኝ።

ካፒቴን ግን ፎቶውን አስፍቶ የአልጋውን መገጣጠሚያ አይቶት ነበር። ይህ እጅ ያለው ሰው ነው፣ ንገሩት አላቸው። ነገሩህ። የመኪና አካል የሚጠግኑት የጋራዥ ሰዎች የሚጠቀሙበትን ፋይበር እንድታመጣ፣ እስከ ምን ድረስ እንደምትፍቀው፣ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ እንደምታደርቀው። ጠገንከው። ፈረንጆቹም ባሕር ከደረሱ በኋላ ሰሌዳው ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶ ላኩልህ። እሱን ይዘህ ስንት ጊዜ አሳየኸኝ። ያኔ ነው የታመምከው ብል ይሻላል፤ ከጉበትህ በፊት የያዘህ በሽታ ያ ነው።

ምን ያህል ደስ ይልህ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። የባሕር ዳሩ ልጅ የመጀመሪያ ሰሌዳው ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈለት ብሎ ቪዲዮ የላከ ዕለት፣ ጂንካ ላይ ሆነህ ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ግቢውን ዞርክ። እንጨት የጠመመበት ሰው ሲጠይቅ ምሳህን ትተህ ትመልስለት ነበር። ያ የሐይቁ ልጅ ራሱ፣ ጣውላው እንደ ቅጠል እየተጠቀለለ አስቸግሮት ሊተወው ሲል፣ ዋንዛ እንዴት ተሰንጥቆ፣ እንዴት ተደርድሮ፣ ስንት ጊዜ ተገላብጦ እንደሚደርቅ ቀን ከቀን እየተከታተልክ ያስጨረስከው አንተ አይደለህም እንዴ? በመጨረሻ ሠርቶ ሲያሳያቸው እልል ተባለለት። የአንተን ስም አላነሳም። እኔ ተናደድኩ፤ አንተ «እንጨቱ ቀና አይደል? ሌላው ምን ያደርግልሻል» አልከኝ።

ከዚያ የራስህን ጀመርክ። ውስጡ ክፍት፣ መሐሉ ላይ እንደ ዓሣ አከርካሪ አንድ ረጅም ጣውላ፣ ከግራና ከቀኝ የጎድን አጥንት የመሰሉ ስስ እንጨቶች፤ ከሥርም ከላይም በዋንዛ የሚሸፈን። ካፒቴን ጨርሰህ ይዘህ ና፣ ባሕር የማስገባህ እኔ ነኝ ብሎህ ነበር። ሞርሳዎችህ ስለማይበቁ ኮላው እስኪደርቅ ጣውላው ላይ የምቀመጠው ክብደት እኔ ነበርኩ። ያቺ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ባሏን እንዴት እንዳባረረች የጻፍኩትን ዓምድ ታስታውሰዋለህ? ሰው ሁሉ የወደደውን? ሙሉውን የጻፍኩት ሰሌዳህ ሆድ ላይ ተቀምጬ ነው። እንዳትንቀሳቀሺ እያልክ፣ እየሳቅክ፣ ወሬውንም መሐል መሐል ላይ እያስደገምክ። ከእንግዲህ የምጽፈውን ሁሉ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እንደዚያ አይጥምም።

የሥሩን ሸፈንከው። የላዩን ከጫፍ ጀምረህ እስከ መሐል ደረስክ። ከዚያ ዓይንህ ቢጫ ሆነ።

ከጂንካ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ። ስልክህ አውቶቡስ ላይ ጠፋ፤ ምትክ ሲም ማውጣት ማን አስቦት። አልጋ ላይ ሆነህ «ሰዎቹ ምን ይሉኝ ይሆን?» ያልከኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። እኔም ስትድን ትነግራቸዋለህ አልኩህ። ትድናለህ ብለን ነበር፤ ሁለታችንም።

አሁን ወደ መራራው። ከለቅሶው በኋላ ያስተማርካቸው ሰዎች ሞትህን ሊሰሙ ይገባል ብዬ ግሩፑን ፈልጌ በራሴ ስልክ ገባሁ። ገብቼ ወደ ኋላ አነበብኩ። ባላነብ ይሻለኝ ነበር። መጀመሪያ «አልጋው፣ ሰሌዳህ የት ደረሰ?» ይላሉ። መልስ የለም። ቀጥሎ መቀለድ። ቀጥሎ መቆጣት። አንተ አዲስ አበባ ላይ ክንድህ በመርፌ ተበሳስቶ በተኛህበት ወራት የሐይቁ ልጅ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አልጋው የሚፈልገውን ይዞ ተኛ። ወስዶ ሂያጅ መሆኑን ያን ቀን በፎቶው ማወቅ ነበረብን።» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ያደረጉለትን ሰዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ምክርህን ያልበላ አንድም የለባቸውም። ከዚያ ካፒቴን፣ ሦስት ወር ዝም ያለ ይወጣል በሚለው ደንብ አስወጣህ። እጅ ያለው ሰው ነው ብሎ የመሰከረልህ እሱ ራሱ፣ ደህና ነህ ወይ ሳይልህ።

ጻፍኩ፦ ታደሰ አርፏል። መልእክቴ ወዲያው ጠፋ። የቤቱን ሥርዓት የሚጠብቅ ሮቦት አስቀምጠዋል፤ የሥራውን ፎቶ ያላሳየ አዲስ ሰው የጻፈውን ሁሉ ጠርጎ ያወጣል። ሞትህን ጠረገው፣ ታዴ። ለካፒቴን በግል ልጻፍለት ብል ከማያውቀው ሰው መልእክት አይቀበልም። እኔም ያንን ቃል ሁለተኛ ጽፌ ሁለተኛ ሲጠፋ ለማየት አቅም አልነበረኝም። መጀመሪያ እገባለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ አልኩ። የእጄ ሥራ ይኸው ብዬ የመጽሔቱን ገጽ፣ ዓምዴን፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ሮቦቱ ፎቶ መሆኑን አይቶ አሳለፈው፤ ካፒቴን ግን «እህቴ፣ ወረቀት ውሃ ላይ አይቆምም» ብሎ አጠፋው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ጥሩ አባባል ነው።

እንግዲህ መላጊያህን የነካሁት ያኔ ነው። የሰሌዳው ጅራት ሥር የምትገባዋን ክንፍ፣ ውሃ ውስጥ የምትመራውን፣ በእርሳስ ሥለህባት የተውካት ቁራጭ ዋንዛ ጠረጴዛህ ላይ ነበረች። በመጋዝ ቆረጥኳት፤ ጠመመች። በመላጊያ አስተካከልኳት፤ ቀጠነች። ሌላ ቁራጭ አመጣሁ። እትዬ አልማዝ በአጥር አሻግረው ያዩኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን ገብተው ቁጭ አሉና፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ተቀብለውኝ አንዷን ጎን አለሰለሱልኝ። ስለ ሣጥኑ እንደ ሰማኋቸው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ቢያንስ ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ።

ክንፏ አላማረችም። ግን በእጅ የተሠራች ናት። ስሜን፣ ከጂንካ መሆኔን ጽፌ ላክኋት። «እንኳን ደህና መጣሽ» ዘነበልኝ። አንዷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንቅ ነው አለችኝ፣ ሌላው ጠርዟን ትንሽ አቅጥኛት አለኝ። ያ አንተን የማረከህ ሙቀት ገባኝ፤ እውነትም ደስ ይላል። የሐይቁ ልጅም «ጂንካ እንደገና ሰው ላከችልን፤ የፊተኛው ግን ወስዶ ሂያጅ ነበር» ብሎ ቀለደ።

ከሥሩ እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «የፊተኛው ባሌ ነበር። ወስዶ አልሄደም፤ ሞቶ ነው።» ሸራውን ገልጬ ሰሌዳህን ፎቶ አንስቼ ላክሁት። ሥሩ የተሸፈነ፣ ላዩ እስከ መሐል የተሸፈነ፣ ከመሐል ወዲህ የጎድን አጥንቱ ሜዳ ላይ የቀረ። «የደረሰበት ይህ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ የሻማው ምልክት፣ የተሰበረው ልብ፣ «ነፍስ ይማር» መጣ፤ ስልኬ ሲጮህ ዋለ። የሐይቁ ልጅማ «መምህሬ ነበር» ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ አለቀሰ። እኔ የለቅሶ ቤት ሴት ነኝ፤ ከፍ አድርጎ የሚያለቅሰውን አውቀዋለሁ። ያቺን የድሮ ጽሑፉን አላጠፋትም። ወደ ኋላ ሄጄ አይቻለሁ፤ ከነሳቁ አለች።

ካፒቴን ደወለልኝ። ድምፁ ደግ ሰው ነው፣ ልዋሽህ አልችልም። «ደንብ ስለሆነ ነው እህቴ፣ ለማንም የምናደርገው ነው» አለኝ። እኔም «ደንባችሁ ላይ መደወል የሚባል ነገር የለም?» አልኩት። እሱም፣ ሁላችንም እንረዳሻለን፣ የቀረውን ሸፍነሽ ጨርሰሽ አሳዪን፣ የእሱም ስም ይጠራል አለኝ። አልኩት፦ አልጨርሰውም። የጨረስኩት እንደ ሆነ የእኔ ሥራ ነው የሚሆነው። እናንተ ወስዶ ሂያጅ ያላችሁት ሰው የት ላይ እንደ ቆመ የሚያሳየው ያ ክፍት ቦታ ብቻ ነው።

ሰሌዳህን ከግቢው ጥግ አንስቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ በሁለት ብረት አሰቅዬዋለሁ። ሣጥን ነው የሚል ካለ ቀና ብሎ ውስጡን ይየው።

ከግሩፑ አልወጣሁም፣ ታዴ። ሰሌዳ ልሠራ አይደለም፤ ይቅርታ ላደርግላቸውም አይደለም፤ ይቅርታው ገና አልመጣልኝም፤ መምጣቱንም እንጃ። ደንቡ ግን እንዳለ ነው፣ ሦስት ወር ዝም ያለ ይወጣል። እኔም ጊዜው ሊሞላ ሲል እየጠበቅኩ አንድ መስመር ብቻ እጽፋለሁ፦ ታደሰ፣ አናጺ፣ ከጂንካ። ሌላ ምንም የለውም። ሰው ሁሉ ሻማውን ያስቀምጣል፣ አዲስ የገባ ደግሞ ይህ ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ የሚያውቁትም ደባብቀው ለማስረዳት ይቸገራሉ። ይቸገሩ። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ ስልኬም እስከሠራ ድረስ፣ እዚያ ቤት ዳግመኛ ዝም ያልክ ሰው ተብለህ አትወጣም።

ባለቤትህ